የአስካለች አፍንጫ

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ በጌጫና በቴፒ መካከል ባለችው በኮምቢ የነበረው የውሃ መስመር ሁኔታ ይህን ይመስል ነበር። ከጫካው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ የብረት ክዳን ተገጥሞለት፣ ውሃው ወደ ቱቦው በመግባት ፈንታ በጎን ባለው ማፍሰሻ ሌት ተቀን ይወርዳል። ከምንጩ የሚነሣው ባለ ሁለት ኢንች ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ ሸለቆ ወርዶ፣ ጉብታ ወጥቶ፣ ሌላ ጎድጓዳ ተሻግሮ፣ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ጋን ይደርሳል። የጋኑ ወለል ደረቅ ነው፤ እንሽላሊት ይሯሯጥበታል። ከጋኑ በታች ሦስት ቦኖዎች ቆመዋል፤ በያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቧንቧ ተገጥሟል። ከስድስቱ ቧንቧዎች አንዱ የፍየል ማሰሪያ ሆኗል።

መስመሩ ከተመረቀ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በምረቃው ዕለት ከቧንቧዎቹ የወጣው ውሃ በበርሜል ተጭኖ መጥቶ ጋኑ ውስጥ የተገለበጠ እንደነበር መንደርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ በርሜሉን ያወረደው እሱ ራሱ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ የሚቀዳው እንደ ጥንቱ ከግርጌ ካለው ወንዝ ነው። ወንዙ በክረምት ይደፈርሳል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ ከላይ ካለው መፈልፈያ የሚወርደው የቡና እጣቢ ይቀላቀልበትና ይኮመጥጣል፤ ሽታው ሰው ሳይደርስበት ይቀበላል። ኅዳር የቀይ ቡና ወር ነው።

ቱቦው ሦስት ጊዜ ተቆፍሮ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተቀብሯል። የሚቆፈረውም ሁልጊዜ ዝቅ ያለው ቦታ ነበር፤ «ቆሻሻ የሚተኛው ከታች ነው» ተብሎ። ቆሻሻ ግን አልተገኘም።

ነገሩ ወደ ጽጌሬዳ ጆሮ የደረሰው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው። ጽጌሬዳ ሚዛን ተፈሪ የምትሠራ የውሃ መሐንዲስ ናት። በሥራ ቀን የሌሎችን ንድፍ ትመረምራለች፤ የአንዲት መስመር ቁጥር ከሌላዋ ጋር ካልተስማማ እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚያች ከተማ «የሚዛን ተፈሪና አካባቢው መሐንዲሶች ማኅበር» የሚባል አንድ ማኅበር ነበር። አባላቱ በየወሩ በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ እየተሰበሰቡ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ይወያያሉ፣ ስለ ሲሚንቶ መወደድ ያማርራሉ፣ ማክያቶ ይጠጣሉ። የከተማው ሰው «ማኅበረ ማክያቶ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ጽጌሬዳ «በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ሙያችንን በነፃ እንስጥ» የሚል ሐሳብ ስታቀርብ፣ ሐሳቡ ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው። አንዷ ድምፅም የሊቀ መንበሩ፣ የጋሽ ባዘዘው ነበረች። ጋሽ ባዘዘው ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው።

«እጄን ያወጣሁት ወንበሩ ወገቤን ስለጎዳኝ ነው» አሏት ከስብሰባው ሲወጡ። «ከዚያ ሰገነት የሚያወርደኝ ነገር ከተገኘ ቁፋሮም ቢሆን እሄዳለሁ።»

የመጀመሪያው ሥራ ኮምቢ እንዲሆን ተወሰነ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጽጌሬዳ፣ ጋሽ ባዘዘውና ሀምዳን የተባለው ወጣት የመካኒካል መሐንዲስ በሀምዳን አባት ፒክአፕ ኮምቢ ሲገቡ፣ መንደሩ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ጉባኤው የተጠራው ለእነሱ አልነበረም። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፈንታው እጃቸውን እያፍተለተሉ አስረዱ፤ ሕዝቡ ቱቦውን አውጥቶ ሊከፋፈለው ነው።

«ለምን?» አለች ጽጌሬዳ።

መልሱ ከሴቶቹ መካከል መጣ። የተናገሩት ወይዘሮ አስካለች ነበሩ፤ ባለ ቡና፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ሜጋፎን የማያስፈልገው ሴት። «ለሁለት ሲሰነጠቅ ጥሩ አሸንዳ ይወጣዋል። ቢያንስ የዝናብ ውሃ ያመጣልናል። ምንጩን ስንጠብቅ ሸበትን እኮ!»

ሰዉ ሳቀ። ጽጌሬዳ ግን አልሳቀችም፤ ቱቦው አንዴ ከተሰነጠቀ ሌላ እንደማይመጣ ታውቃለች። የመንደሩ ስም በወረቀት ላይ «ውሃ ያገኙ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይህ ቱቦ ከጠፋ ኮምቢ ሁለተኛ ተራ የላትም።

«እትዬ፣ እስከ እሑድ ማታ ስጡኝ» አለች።

«ከዚህ በፊት የመጡትም ‹እስከ እሑድ› ብለውን ነበር፤ የየትኛው ዓመት እሑድ እንደሆነ ግን አልነገሩንም።»

«የዚህ ሳምንት። እሑድ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ ጋኑ ካልደረሰ፣ ሰኞ ጠዋት ዶማ ይዤ አብሬያችሁ እቆፍራለሁ።»

አስካለች ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ጫማሽን ግን ቀይሪ» አሉ፤ ጉባኤውም በዚህ ተበተነ።

ቅዳሜ መስመሩን በእግራቸው ተከተሉት። በመጀመሪያው ሸለቆ ወለል ላይ ለማጠቢያ የተተወ መክፈቻ ነበር፤ ሀምዳን ሲፈታው ውሃው ተስፈንጥሮ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አራሰው። እንግዲህ ከምንጩ እስከዚያ ድረስ ምንም አልተደፈነም። ጽጌሬዳ ንድፉን ዘርግታ ወደፊት ተመለከተች። በንድፉ ላይ መስመሩ ከሸለቆው ወጥቶ ጉብታውን በጎኑ ይዞራል። በመሬቱ ላይ ግን የተቆፈረው ምልክት ቀጥ ብሎ ጉብታው አናት ላይ ይወጣል።

«አቶ ፈንታው፣ ይሄ መስመር ለምን ተቀየረ?»

ፈንታው ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ወደ አስካለች አዩ። አስካለች ወደ ዛፍ አዩ። ከዚያ ግን መሸሽ ልማዳቸው አልነበረም።

«በጎኑ ያለው የአባቴ ቡና ነው። ‹ሥሩን ትቆርጡብኛላችሁ፣ በላይ በኩል አሳልፉት› አልኳቸው። እነሱም ‹ውሃ ቱቦ ውስጥ እስከገባ ድረስ በየትም ይሄዳል› አሉኝ። ዋሽተውኝ ነው?»

ሀምዳን ሳቁን ዋጠ። በዚያ አገር ለቡና ሲባል መንገድ ይጣመማል፣ አጥር ይሰበራል፣ ሠርግ ይዛወራል፤ ቱቦ ቢጣመም ማን ይገረማል?

«ግማሹን እውነት ነግረውዎታል» አለች ጽጌሬዳ። «ጉብታው ከምንጩ ዝቅ ካለ ውሃው ያልፈዋል። ከፍ ካለ ግን ምንም ብናደርግ አያልፈውም።»

«ይሄ ቱቦ ባለጌ ነው» አሉ አስካለች። «ባለፈው ማዶ ካለው ጎድጓዳ ላይ ሲቆርጡት ግማሽ ቀን ሲፈስ ዋለ፤ ሲገጥሙት ኮራ። ሰው ነው እንዳልል ነፍስ የለው።»

ቀልዱን ሁሉም በሳቅ ተቀበለው፤ ጽጌሬዳም ሳቀችና ረሳችው። የመርሳቷን ዋጋ በማግስቱ ከፈለች።

የመሬቱን ከፍታ የሚለካው የቢሮው መሣሪያ በንብረት ክፍል ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለለቅሶ ወደ ቱም ከተማ ወርዷል። ስለዚህ ግንበኞች ሁሉ በሚያውቁት መንገድ ሊሠሩ ወሰኑ፤ በጎማ ውሃ ልክ። ውስጡ የሚታይ ረጅም ጎማ ውሃ ይሞላና ሁለቱ ጫፎች በሁለት ችካል አጠገብ ይያዛሉ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፤ የቆመበት ላይ ምልክት ይደረጋል። እንዲህ እያሉ የምንጩን ከፍታ ከችካል ወደ ችካል ተሸክሞ፣ የሸለቆውን ራስ ዞሮ፣ ጉብታው ድረስ መውሰድ ይቻላል። ጎማውን ያመጣው ሀምዳን ነበር። እናቱ ወይዘሮ ከድጁ ቴፒ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ «ሳይቆረጥ ከተመለሰ ዕቃ ነው፣ ከተቆረጠ ዕዳ ነው» ብለው ሰጥተውታል።

እሑድ ጠዋት ጀመሩ። ጋሽ ባዘዘው የኋላውን ጫፍ ያዙ፤ ሀምዳን የፊቱን። ሀምዳን ጎማው ከቅርንጫፍ እንዳይያዝበት በትከሻው ላይ አሳልፎ፣ ወደ ወገቡ አውርዶ፣ ጫፉን መልሶ ወደ ችካሉ ያነሣዋል። ጽጌሬዳ ምልክት ታደርጋለች። ሥራው በዝግታ፣ በቡናው ሥር፣ በቅጠሉ መካከል እየተሽሎከለከለ ሄደ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የመጨረሻው ችካል ከጉብታው ሥር ተተከለ።

ከጉብታው ሥር። ከአናቱ አይደለም። የምንጩ ከፍታ ያረፈበት ምልክት ከጉብታው አናት በብዙ ዝቅ ብሎ ነበር። ቱቦው የተቀበረበት ጥልቀት ተቀንሶ እንኳ፣ ቱቦው ከምንጩ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ።

ጋሽ ባዘዘው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጽጌ፣ ልጄ» አሉ በዝግታ። «ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ይህን ለእነሱ በግልጽ መንገርም እርዳታ ነው።»

ፈንታው ሰምተዋል። ወደ መንደሩ ፊታቸውን አዙረው ሲጮኹ ከታች ሌላ ድምፅ መለሰላቸው፤ ጥቂት ቆይቶም የዶማ ድምፅ ድንጋይ ሲነካ ተሰማ። ሰዉ ሰኞን ሊጠብቅ አልፈለገም።

ጽጌሬዳ የችካሉን ምልክት እያየች ቆመች። ቁጥሩ አልተዋጠላትም። ለምን እንዳልተዋጠላት የገባት፣ የአስካለች ድምፅ ከኋላዋ ሲመጣ ነው።

«እንግዲህ ሰኞን ወደ እሑድ አመጣነው! ዶማሽ የታለ?»

ባለጌ ቱቦ። ሲቆርጡት ግማሽ ቀን ሲፈስ ዋለ።

«እትዬ አስካለች!» ዞር አለች። «ማዶ ሲቆረጥ ግማሽ ቀን ፈሰሰ ብለውኛል፤ እርግጠኛ ነዎት?»

«ልብስ አጥቤበታለሁ እኮ! የቤቱን ሁሉ አንሶላ።»

«ጋሽ ባዘዘው፣ ቱቦው ውስጥ ተኝቶ የነበረ ውሃ ቢሆን ባንድ አፍታ ያልቅ ነበር። ጉብታውን ያላለፈ ውሃ ለአንሶላ ከየት ይበቃል?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «አይበቃም።»

«ስለዚህ ጉብታው ከምንጩ ዝቅ ያለ ነው። የዋሸው ልካችን ነው።»

«ጎማ እንዴት ይዋሻል?» አለ ሀምዳን። ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጎማው እንደተጠማዘዘ ትከሻው ላይ ነው።

ጽጌሬዳ ልትመልስለት ቀና አለች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እንዳትንቀሳቀስ!»

«እባብ ነው?» አለ ሀምዳን ደርቆ።

«ከእባብ የባሰ ነው።»

ትከሻው ላይ፣ ጎማው ወጥቶ በሚታጠፍበትና ወደ ወገቡ ቁልቁል መውረድ በሚጀምርበት ቦታ፣ አንድ ስንዝር የምትሆን ባዶ ነገር ፀሐይ ላይ ታብረቀርቅ ነበር። አየር። ከጠዋት ጀምሮ በሀምዳን ትከሻ ላይ ቁጭ ብላ አብራቸው የሸለቆውን ራስ ዞራለች፤ በየችካሉም ምልክቱን አንድ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋለች። ስንዝሩ እየተደመረ ጉብታው ሥር ሲደርስ አራት ሜትር ሆነ።

ጋሽ ባዘዘው ተጠግተው አዩና ሳቅ ቀደማቸው። «ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሁለቱን ጫፍ አጋጥመን ማየት ነበረብን! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብትሆን ኖሮ ከክፍል አስወጣህ ነበር።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔም ተከትዬህ እወጣ ነበር።»

ጽጌሬዳ ግን አልሰማቻቸውም። ጎማውን ሳይሆን ትከሻውን ታይ ነበር፤ የሚወጣው፣ የሚታጠፈው፣ የሚወርደው። ከዚያ ወደ ጉብታው አየች። የሚወጣ፣ የሚታጠፍ፣ የሚወርድ።

«ሀምዳን፣ ትከሻህ ጉብታው ነው» አለች።

«ተሰደብኩ ወይስ ተመሰገንኩ?»

«እዚያ ላይ ያለችው አየር እዚህም አለች። ቱቦው በተሞላ ቁጥር አየሩ መውጫ አጥቶ ጉብታው ላይ ይቀራል። ማዶ ሲቆረጥ አየሩ ይወጣል፣ ውሃው ይፈስሳል። ሲገጠም እንደገና ይታፈናል። መንደሩ ሦስት ጊዜ ከታች ቆፍሮ የፈለገው ነገር ያለው ከላይ ነው!»

ፈንታውን ወደ ቆፋሪዎቹ ሰደደች። ሰዎቹ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ሥራው ቀርቶ ትዕይንት ተገኘ ብለው ሁሉም ወደ ጉብታው ወጡ። እነ ጽጌሬዳ ጎማውን ሞልተው፣ አየሩን አራግፈው፣ ሁለቱን ጫፍ አጋጥመው አይተው፣ ልኩን ከምንጩ ጀምረው ደገሙት፤ ሲቸኩሉ የሠሩትን ሲቸኩሉ ማፍረስ አልፈለጉም። በዚህኛው ዙር ምልክቱ ያረፈው ከጉብታው አናት ላይ በተተከለው ረጅም ችካል ነው፤ ሀምዳን አጠገቡ ሲቆም ልክ ከትከሻው ጋር እኩል ሆነ። የተቀበረበት ጥልቀት ሲጨመርበት፣ ቱቦው ከምንጩ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ።

«እዚህ ቆፍሩ» አለች ጽጌሬዳ። «የፈራሁት ዶማ እዚህ ያስፈልጋል።»

«ቡናዬን!» አሉ አስካለች።

ጽጌሬዳ የቆመችበት ቦታ ላይ ቱቦው ከተቀበረ ወዲህ የተተከለ ወጣት ቡና ነበረ፤ አራት እግር። አስካለች አንዱን ግንድ በእጃቸው ያዙና ወዘወዙት፤ እንደ ሰው አነጋገሩት፤ የተናገሩት በአካባቢው ቋንቋ ስለነበር ምን እንዳሉት እንግዶቹ አልገባቸውም። ከዚያ ከቆፋሪዎቹ የአንዱን ዶማ ነጥቀው የመጀመሪያዋን አፈር ራሳቸው ገለበጡ።

ጥቁሩ ቱቦ ወጣ። ሀምዳን ከመሣሪያ ሣጥኑ የቱቦ ማቀፊያ አውጥቶ አሠረበት፤ በላዩ ትንሽ ቧንቧ ገጠመና በተከፈተው ቧንቧ ውስጥ መሰርሰሪያውን አስገብቶ ማዞር ጀመረ። ሰዉ በቡናው መካከል ተደራርቦ ቆሟል። ጽጌሬዳ ፀሐይዋን አየች፤ ከዛፎቹ ጫፍ ጋር ልትገናኝ ጥቂት ቀርቷታል።

መሰርሰሪያው ሲወጣ ቱቦው ተነፈሰ።

በመጀመሪያ ፉጨት ነበር፤ ከዚያ ጩኸት ሆነ። በአጠገቡ ያለው የቡና ቅጠል ሁሉ ተርገበገበ፤ ከፊት የቆሙት ወደኋላ ሲሉ ከኋላ የቆሙትን ረገጡ። ቱቦው ለመጨረሻ ጊዜ ከተገጠመ ወዲህ የታፈነ አየር ነውና ለማለቅ አልቸኮለም። ጋሽ ባዘዘው ባርኔጣቸውን ቧንቧው ላይ ቢይዙት ከእጃቸው ነጥቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለላቸው።

«ምን ይላል?» አለ አንድ ሰው።

«እፎይ ይላል!» አሉ አስካለች።

ከዚያ ፉጨቱ ተቆራረጠ፤ አስነጠሰ፤ አንዴ ደለል፣ አንዴ አረፋ ተፋ። በመጨረሻም ንጹሕ ውሃ ቀጥ ብሎ ወጥቶ የሀምዳንን ፊት መታው። ሀምዳን ዓይኑን ሳይጠርግ ቧንቧውን ዘጋና «አልሐምዱሊላህ!» አለ። እልልታው ከጉብታው ወርዶ ማዶ ካለው ጎድጓዳ ተመልሶ መጣ።

ጽጌሬዳ ግን ገና አልጨረሰችም። ቃሏ ውሃ ጋኑ እንዲደርስ ነበር። እየሮጠች ወረደች፤ ሰዉ ተከተላት። የጋኑን ክዳን አንሥታ ጎንበስ ስትል ከውስጡ ማጉረምረም ሰማች፤ ቱቦው ጭቃ ተፋ፣ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ያለ ማቋረጥ መፍሰስ ጀመረ። እንሽላሊቷ በግድግዳው ወጥታ ሸሸች። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ገና አንድ ጣት ያህል ነበራት።

ቦኖው ዘንድ ፍየሏ ተፈትታ ነበር። ጋኑ ጥቂት እንደያዘ ያንን ቧንቧ የከፈቱት አስካለች ናቸው። የመጀመሪያውን እፍኝ ለጽጌሬዳ ሰጧት።

«ጠጪ። እሑድሽ እውነተኛ እሑድ ነው።»

ጽጌሬዳ ጠጣች፤ ውሃው የፕላስቲክ ጣዕም ነበረው፤ ጉዳት የለውም፣ በሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። ጋሽ ባዘዘው ሰዓታቸውን አውጥተው ሃያ ሊትር የሚይዘው ጄሪካን እስኪሞላ ለኩ፤ ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ። «ማኅበረ ማክያቶ!» ብለው ጮኹ። «ከዛሬ ጀምሮ ስማችን ማኅበረ ቦኖ ነው!»

ጉብታው ላይ ያለችው ትንሽ ቧንቧ በድንጋይ ቤት ተሠርቶላት መክፈቻዋ ለአስካለች ተሰጠ። በየቅዳሜው ይወጣሉ፤ ያስተነፍሷታል፤ ሲጨርሱ ይዘጓታል። መንደሩ ቧንቧዋን «የአስካለች አፍንጫ» ብሎ ጠራት። አስካለች በመጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ግን ራሳቸው «አፍንጫዬን ላየው ልሂድ» ማለት ጀመሩ። በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የበጎ ፈቃዱ ሥራ ይቀጥል ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ያልተነሣ እጅ አልነበረም። ጎማው ለከድጁ ሳይቆረጥ ተመለሰ።

በመጋቢት፣ ምንጩ በሚሳሳበት ወር፣ ጽጌሬዳ ተመልሳ ለካች። ስድስቱም ቧንቧዎች ባንድ ጊዜ ተከፍተው ሳሉ፣ በታችኛው ቦኖ ሃያ ሊትሩ ጄሪካን፣ ከመጀመሪያው ቀን በሦስት ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ፣ በአርባ አንድ ሴኮንድ ሞላ።